ከቀሃ እስከ ዓባይ፦ ከእህቴ ልጅ ጋር የተጓዝነው መንገድ



ጎንደር ውስጥ አዲስ ዓለም በምንለው ሰፈራችን በኩል ቀሃ የሚባል ትንሽ ወንዝ ያልፋል። በበጋ ልጆች ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ይሻገሩታል፤ በክረምት ግን ድምፁ ቤት ድረስ ይሰማል። ይህ ውኃ ወደ ታች ወርዶ ከአንገረብ ጋር ይገናኝና መገጭን ይቀላቀላል። መገጭ ደምቢያ ላይ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ከጣና ደግሞ ዓባይ ይወጣል። እንግዲህ በአዲስ ዓለም ልብስ የታጠበበት ውኃ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይገባል ማለት ነው። ይህን ነገር በልጅነቴ በጂኦግራፊ ተምሬዋለሁ፤ አድጌም ለብዙ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ውኃውን ተከትዬ ግን አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር።

ለመሄድ ያነሣሣኝ የእህቴ ልጅ ነው።

ለምን ወጣን?

በሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ወር፣ በከተማችን ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ የደረሰውን ጥቃት አንባቢ አይረሳውም። ከሃያ በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። አላህ ይዘንላቸው። የእህቴ ልጅ ያን ቀን ቤት ነበር፤ አካሉ አልተነካም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤትና ከመስጊድ በቀር ከሰፈር መውጣት ተወ። «ፒያሳ ደርሰን እንምጣ» ስለው ጥናት አለብኝ ይለኛል። ቅዳሜ ገበያ ላከው ሲባል ራሱን ያመዋል። የክፍል ጓደኞቹ ከነበሩት የክርስቲያን ልጆች ጋር ሰላምታ እንጂ ጨዋታ አልነበረውም። ዕድሜው ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ፣ «ቀሃን ተከትለን ዓባይ እስከሚወጣበት እንሂድ» አልኩት። ዝም አለ። እናቱ ግን ዝም አላለችም። «ምን ልታደርጉ ነው የምትሄዱት? እዚያ ዘመድ የለን፣ ንግድ የለን፤ ሰው ያለ ጉዳይ መንገድ ይወጣል?» አለችኝ።

ጥያቄዋ የእርሷ ብቻ አይደለም። በብዙ ቤታችን ልጅ መንገድ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግድ ወይም ለትምህርት ነው። አገርን ለማየት ብሎ መውጣት የፈረንጅ ሥራ ይመስለናል። እኔም ለእህቴ የመለስኩላት ይህንኑ አንሥቼ ነው። ከእኛ ወገን ከሁሉ የበለጠው መንገደኛ ኢብኑ በጡጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1325 ከጣንጃ ሲወጣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ጓድ አልነበረውም። በማግሥቱ ዓመት ከካይሮ ተነሥቶ የዓባይን ዳር ይዞ ወደ ላይኛው ግብፅ ወጣ፤ ሚንያን፣ አስዩጥን፣ ቁስን እያየ እስከ ኤድፉ ሄደ። ከዚያ በረሃውን አቋርጦ አይዛብ ወደብ ቢደርስ፣ በጦርነት ምክንያት ወደ መካ የሚያሻግረው መርከብ አጣና ወደ ካይሮ ተመለሰ። ስለ ዓባይ ከጻፈው ውስጥ ደስ የሚለኝ፣ በዚያ ወንዝ የሚሄድ ሰው ስንቅ መሸከም እንደማያስፈልገው የተናገረው ነው። ውዱእ ለማድረግ፣ ለመስገድ ወይም ምግብ ለመግዛት በፈለገበት ስፍራ ይወርዳልና።

እህቴ አዳምጣ ስታበቃ፣ «እርሱ ዓሊም ነበር፤ አንተ ደግሞ ልጄን ነው የምትወስደው» አለች። ሆኖም በማግሥቱ ስንቅ አዘጋጀች።

አባቶቻችን መንገደኞች ነበሩ

እውነቱን ለመናገር ለአዲስ ዓለም ሰው መንገድ እንግዳ አይደለም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668 ጎንደር ላይ የተቀመጠው ጉባኤ፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። አባቶቻችን ወደ ቀሃ ዳር ወረዱ፤ ሰፈሩም እስላም ቤት ተባለ። በዚያ ዘመን ርስት መያዝ ስላልተፈቀደላቸው እጃቸውን ወደ ሽመና፣ እግራቸውን ወደ ንግድ አዞሩ። ከጎንደር በጭልጋ አድርገው መተማ፣ ከመተማ ወደ ሱዳን ወርደው በዓባይ ዳር እስካለችው እስከ ስናር ይዘልቁ ነበር። ስናር እ.ኤ.አ. ከ1504 እስከ 1821 የቆየው የፉንጅ ሱልጣኔት ዋና ከተማ ነበረች። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ከቆየ በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰው በዚሁ በስናር በኩል ነው።

ነጋዴዎቹ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ያወርዱ፣ ጨርቅና ሌላም ሸቀጥ ያመጡ ነበር። ባሪያም ይሸጥ እንደነበረ ለልጆቻችን ልንሸሽጋቸው አይገባም። ታሪክ የምንወደውን ብቻ መርጠን የምናነሣው እንደ ገበያ ሽንኩርት አይደለምና።

ለማንኛውም የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ዛሬ ፒያሳ ለመውጣት መፍራቱ ልቤን ነካው። የፈራው ያለ ምክንያት አይደለም። ፍርሃቱ ግን በአሥራ ሰባት ዓመቱ ግድግዳ ሆኖ እንዳይቀርበት ፈለግሁ።

መንገዱ

ከጎንደር መናኸሪያ ሱብሒ ሰግደን በሚኒባስ ተነሣን። አስጎብኚ አልያዝንም፤ ማረፊያም አላስያዝንም። እስከ ባሕር ዳር መንገዱ መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዘዞን አልፈን መገጭ ድልድይ ላይ ስንደርስ ልጁን «ያ የእኛ ውኃ ነው» አልኩት። በመስኮት አየው። «ትንሽ ነው» አለ። «ቆይ» አልኩት።

ማክሰኚት፣ እንፍራንዝ፣ አዲስ ዘመን፣ ወረታ፣ ሐሙሲት፤ መንገደኛ ሁሉ እንደ ጸሎት በቃሉ የሚያውቃቸው ከተሞች ናቸው። እንፍራንዝ አጠገብ ከኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል፤ ከፋሲል ግንብ የሚቀድም፣ ለአፄ ሠርፀ ድንግል የሚነገር ነው። ከአዲስ ዘመን በኋላ የርብ ወንዝ፣ ከወረታ በኋላ የጉማራ ወንዝ ይመጣል። ሁለቱም ጣና ገቢ ናቸው። በመካከላቸው የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ነው። ያን ጊዜ ሩዙ ታጭዶ ገለባው በየማሳው ተከምሮ ነበር። ልጁ በቤታችን የሚበላው ሩዝ ሁሉ በመርከብ የሚመጣ ይመስለው ነበርና ተገረመ። ፎገራ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ለሩዝ እንደሚሆን የታወቀው ግን በቅርብ ዘመን ነው።

ወረታ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ መለዋወጫው ጎማ ራሱ የተቀደደ መሆኑን የነገረን ከወረድን በኋላ ነው። ሌላ መኪና እስኪመጣ ከሁለት ሰዓት በላይ በመንገድ ዳር ተቀመጥን። የዙሁር ሰዓት ደረሰ። እኛ በያዝነው የላስቲክ ውኃ ውዱእ ለማድረግ ስንዘጋጅ፣ በአቅራቢያው ጠላ ቤት ያላት፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ጠና ያለች ሴት አየችን። «ለስግደት ነው አይደል? የምትጠጡትን ውኃ ለምን ትጨርሳላችሁ? ኑ በጓሮ ግቡ» አለችን። በጆግ ውኃ አምጥታ ሰጠችን፤ ከደጃፏ ራቅ ብሎ የጠላ ሽታ የማይደርስበትን ጥላ ራሷ መርጣ አሳየችን። ዶሮዎቿንም ወደዚያ እንዳይመጡ አባረረችልን።

ዙሁርና አሱርን በመንገደኛ ሥርዓት አሳጥረን፣ ሁለት ሁለት ረክዓ አድርገን አንድ ላይ ሰገድን። በብዙ ዑለማ ዘንድ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ለሚሄድ መንገደኛ ይህ ተፈቅዷል። ልጁ ይህን ሕግ በመድረሳ በቃሉ አጥንቶታል። ሲሠራበት ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። ስንሄድ ሴትየዋን «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ከዚያ በኋላ እስከ ባሕር ዳር አልተናገረም።

ባሕር ዳርና ጢስ ዓባይ

ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ ትንሽ ነው፤ የትም ቦታ ከአሥራ አምስት ሜትር አይበልጥም። ዓባይ የሚወጣበትን ለማየት በድሮው ድልድይ ላይ በእግር ተሻገርን። አጠገቡ አዲሱ ድልድይ በግንባታ ላይ ነበር፤ 380 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቋል። ልጁ መካከል ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲመለከት ቆየና «ይኼ ነው የእኛ ውኃ?» አለኝ። «የእኛም አለበት፤ የርብም፣ የጉማራም፣ ከሰከላ የሚመጣው የግልገል ዓባይም አለበት» አልኩት።

የእኛ አገር ድርሻ በዚህ አያበቃም። ከጎንደር በስተሰሜን ከዳባትና ከደባርቅ፣ ከስሜን ተራሮች የሚወርደው ውኃ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ከጣና በስተሰሜን የሚነሣው ጓንግ ደግሞ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ አትባራ ይባላል። ተከዜም እርሱን ይቀላቀላል። አትባራ በስተመጨረሻ ከካርቱም በስተሰሜን ዓባይን ያገኘዋል። ስለዚህ የጎንደር ደጋ ለዓባይ በግራም በቀኝም ያዋጣል።

በማግሥቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ጢስ ዓባይ ሄድን። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን ፏፏቴው ፊት ደረስን። ከአርባ ሜትር ገደማ ከፍታ ይወርዳል የተባለው ውኃ፣ ያን ቀን በጥቁሩ ገደል ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ነበር። ልጁ ቅር አለው። ምክንያቱን አስረዳሁት። በጢስ ዓባይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ተጨመረ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ጣቢያ ውኃውን በሌላ በኩል ከሐይቁ ይወስድ ጀመር። ጭሱን ማየት የፈለገ በክረምት ማብቂያ ይምጣ፤ መብራት የፈለገ ደግሞ የሚከፈለውን ይወቅ። ያኔ እየሞላ የነበረው የሕዳሴ ግድብም ጉባ ላይ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል።

ደንገል የሚያስሩት ሽማግሌ

ሦስተኛው ቀን ከሐይቁ ዳር ስንሄድ አንድ ሽማግሌ ደንገል ሲያስሩ አገኘን። ታንኳ እየሠሩ ነበር። ደንገሉን በነዶ በነዶ ያስራሉ፤ በጉልበታቸው እየተጫኑ ያጠብቃሉ። ታንኳው ውኃ ስለሚጠጣ በየጊዜው ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ልጁ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ገመዱን ይይዝላቸው ጀመር። ስማችንንና አገራችንን ጠየቁን። ከአዲስ ዓለም መሆናችንን ስንነግራቸው ደስ አላቸው። «እኛም እስላም ነን ልጄ። ነገደ ወይጦ ነን» አሉት።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር።

ነገደ ወይጦ በጣና ዙሪያ ከጥንት የነበረ ሕዝብ ነው። ብሩስ በመጣበት ዘመን የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ዛሬ አማርኛ ብቻ ይናገራሉ። ሙስሊሞች ናቸው። ነገር ግን አባቶቻቸው ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ስለነበረ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው መብላት ይጸየፍ ነበር። የጉማሬ አደን ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መጸየፉ ግን አልቀረም። ከተማው እየሰፋ ሲመጣ ከሐይቁ ዳር ሲገፉም የጮኸላቸው ጥቂት ነው። እንቦጭ የተባለው አረም ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ጣናን ሲወርር፣ ዓሣ አስጋሪውንና በደንገል የሚኖረውን ሰው ኑሮ ይበልጥ አክብዶበታል። እኔም በልጅነቴ ሴት አያቴ ስለ እነርሱ ስታወራ የሰማሁት መልካም ነገር አልነበረም። እርሷም ከእናቷ የሰማችው ነው።

ሽማግሌው ቤታቸው እንድንገባ ጋበዙን። የተጠበሰ ዓሣ ቀረበ። ዓሣ ሐላል መሆኑን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ስለ ምግብ ሕግም ለልጆች አስተምሬያለሁ። ነገር ግን እጄ ወደ ትሪው አልሄድ አለኝ። ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ሽማግሌው ግን አዩት። ብዙ ጊዜ ያዩት ነገር ስለሆነ ለማየት አልተቸገሩም። «ጠግባችሁ ከሆነ ግድ የለም፤ ውኃ ጠጡ» አሉ፣ እኔን ከእፍረት ለማውጣት።

ልጁ እኔን አየኝ፤ እርሳቸውን አየ። ከዚያ «ቢስሚላህ» ብሎ ቆርሶ በላ። ሁለተኛውን ጉርሻ ለሽማግሌው አጎረሳቸው። እኔም ተከትዬው በላሁ። አሱር ሲደርስ አብረን ወደ መስጊዳቸው ሄደን ሰገድን። ሽማግሌው ከጎኔ ነበሩ፤ ትከሻችን ተነካክቷል። ሶላቱን ስጨርስ ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ።

ማታ ማረፊያችን ውስጥ ልጁ ለረጅም ጊዜ ጣራ ጣራ ሲያይ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አድርገውን ነው?» አለኝ።

«ምንም» አልኩት።

«ያቺ ውኃ የሰጠችን ሴትዮስ?»

«እርሷም ምንም።»

ሌላ አልጨመረም። እኔም ትምህርት ላክልበት አልፈለግሁም። በእኛ ላይ የደረሰው በደል በደል ነው፤ በማንም መልካምነት አይሰረዝም፤ ፍትሕ መጠየቃችንንም አናቋርጥም። ይሁን እንጂ የተበደለ ሰው ሌላውን አይበድልም ማለት አይደለም። ይህን መጽሐፍ ሳልከፍት ከአንድ ዓሣ ትሪ ተማርኩ።

ልጆቻችሁን ስትልኩ

ጎንደር በተመለስን በሳምንቱ እህቴ ልጇ ብቻውን ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ሽንኩርት ገዝቶ መምጣቱን ነገረችኝ። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ነው። እርሷ ግን ሽንኩርቱን እያሳየችኝ አለቀሰች። ልጁ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ተቀሰቀሰና ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ተሰድዶ መጣ፤ አባቶቻችን ወደ ስናር የወረዱበት መንገድ የስደተኛ መንገድ ሆነ። በዚያው ዓመት ክረምት በክልላችን ግጭት ተነሥቶ በየመንገዱ ብዙ ሰው ተጎድቷል። ስለዚህ ይህን አንብቦ ነገውኑ ሻንጣ የሚያነሣ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው ሳምንት ከተመላለሱ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ሳትጠይቁ አትውጡ። ሰላም ካልሆነ ቀሃን ብቻ ተከትላችሁ እስከ ፋሲል መዋኛ ውረዱ። በጥምቀት ክርስቲያኖች የሚጠመቁበት ውኃ ከዚያው ከቀሃ የሚገባ ነው፤ እርሱም ቢሆን ለልጆች የሚነገር ታሪክ አለው።

ሰላም ሲሆን ግን ኢንሻአላህ፣ ከእኛ ልምድ ጥቂት ምክር ልስጥ። መታወቂያ አትርሱ። ገንዘባችሁን በአንድ ኪስ አትያዙ። የት እንደምታድሩ ለቤተሰብ በየቀኑ በስልክ ንገሩ፤ እህቴ እንቅልፍ የወሰዳት በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። ከመግሪብ በፊት የምታድሩበት ከተማ ግቡ። በማታውቁት ከተማ መጀመሪያ መስጊዱን ጠይቁ፤ መስጊድ ያለበት አካባቢ የሙስሊም ምግብ ቤትና ምክር የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ካጣችሁም ዓሣና ሽሮ በየትም አለ። ሴት ልጆቻችንም ከአባት፣ ከወንድም ወይም ከመላው ቤተሰብ ጋር የአገራቸውን ወንዝ የማየት ድርሻ አላቸው፤ የሚቀጥለው ጉዞዬ ከሁለት ሴት ልጆቼና ከእናታቸው ጋር ነው።

አንድ ነገር ጨምሩ። በመንገድ የሚያበላችሁ ሰው ሲገኝ፣ እጃችሁ ቢያመነታ ለምን እንዳመነታ ራሳችሁን ጠይቁ። ሐራም ስለሆነ ነው ወይስ አያታችሁ ስላለች? የመጀመሪያው ከሆነ በአክብሮት ተዉት። ሁለተኛው ከሆነ ቢስሚላህ በሉና ቁረሱ።

አላህ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ መንገደኛውን ሁሉ በደኅና ይመልስልን። አሚን።